በጣም አጭር ቁመት ያላቸውን ሰዎች ሳይ ያለ ምክንያት እፈራለሁ፤ ምን ይሻለኛል?

ማለዳ (ጠያቂ)

ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። ሰው ይቀየመኛል ብዬ ነው። ግን ሌላ ማንን እንደምጠይቅ ስላላወቅሁ ይኸው ጻፍኩት።

ሴት ነኝ፣ 29 ዓመቴ ነው። በጣም አጭር ቁመት ያላቸውን ሰዎች፣ በተለምዶ ድንክ የሚባሉትን ማለቴ ነው፣ ሳይ እፈራለሁ። መደንገጥ ብቻ አይደለም። ልቤ ይመታል፣ መዳፌ ያልበዋል፣ እግሬ ሳላዘው ወደ ኋላ ይላል። ፎቶ እንኳ ስልኬ ላይ በድንገት ብቅ ካለ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። አንዳቸውም ክፉ አድርገውብኝ አያውቁም። አልጠላቸውም፣ አልንቃቸውምም። ፍርሃቱ ትክክል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ምንም አልጠቀመኝም።

አሁን ለምን ጻፍሽ ካላችሁኝ፣ ሥራ ቦታችን አዲስ ባልደረባ ገብቶ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ከሁሉም ሰው ጋር ተግባብቷል፣ ከእኔ በቀር። ባለፈው ሳምንት ሊፍት ጠርቼ ስጠብቅ በሩ ሲከፈት እሱ ብቻውን ውስጥ ቆሟል። በአንድ እጁ ፋይል አቅፏል። በሌላው እስክሪብቶ ይዞ በጫፉ የላይኛውን ቁልፍ እየተጫነ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና «ግቢ፣ በሩን ልያዝልሽ» አለኝ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ማንም አልደወለልኝም። «ሄሎ፣ ሄሎ» እያልኩ ወደ ደረጃው ሄድኩና ስድስት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ላይ ስደርስ ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን። ስልኬ እጄ ላይ ነው፣ ስክሪኑ ጠፍቷል። ስልኩን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ምንም ሳይል አለፈ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቱ ከዓይኔ አልጠፋም።

አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ ሞግዚቴ አልተኛም ስላት «ካልተኛሽ ድንኩ መጥቶ ይወስድሻል» ትለኝ ነበር። አልጋሽ ሥር ነው ያለው ትለኛለች። ሙቀት ቢሆንም እግሬን ከብርድ ልብሱ አላወጣም ነበር። ምክንያቱ ይሄ ይሆን? ወይስ እኔው ክፉ ሰው ሆኜ ነው? ይህ ነገር ስም አለው? ይድናል? ለልጁስ ምን ልበለው?

ዘወትር አንባቢ

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔም ይህንኑ ፍርሃት አሳልፌዋለሁ። የእኔ የመጣው ከፊልም ነው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ትልልቆቹ አስፈሪ ፊልም ሲያዩ በበር ቀዳዳ አይቼ ነበር። ገዳዩ አጭር ሰው ነበር። ፊልሙ ስሙም ታሪኩም ጠፍቶብኛል፤ ያ ሩጫ ግን እስከ ትልቅነቴ ተከተለኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር ይስቁብኛል ወይም ይሰድቡኛል ብዬ።

ለእኔ የለወጠው ሬዲዮ ነው ብልሽ ታምኛለሽ? አንድ ሰው ስለ ሥራው ለአንድ ሰዓት ያህል ሲያወራ ሰማሁ፤ ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ ነው። አወራሩ ደስ ብሎኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ስለ ቁመቱ ተጠየቀ፤ ያኔ ነው አጭር ሰው መሆኑን ያወቅሁት። ድምፁን ቀድሜ ስለወደድኩት ፎቶውን ፈልጌ ሳየው ልቤ መታ እንጂ እንደ ድሮው አልሸሸሁም። ከዚያ በኋላም ጊዜ ፈጅቶብኛል፣ ሁለት ዓመት ገደማ። ግን ይለቃል።

ሐቁን ልናገር

እኔ ላሞጋግስሽ አልችልም። የሰው አካል ማየት አስፈራኝ ማለት ለዚያ ሰው ስድብ ነው። አንቺ ስድስት ፎቅ በእግርሽ መውጣትሽን ታወሪያለሽ፤ እሱ ግን በየቀኑ ሰው ከሱ እየሸሸ ነው የሚኖረው። ለራስሽ ከማዘንሽ በፊት ለሱ እዘኚ።

የምክር ክፍል

ሃያ ዓመት በሥነ ልቦና ምክር ሠርቻለሁ። ከላይ የጻፍከው ወንድሜ፣ ቁጣህ ይገባኛል፣ ግማሹም እውነት ነው። ግን ንቀትና ፎቢያ፣ ማለትም ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ፍርሃት፣ አንድ አይደሉም። የሚንቅ ሰው እንቅልፍ አያጣም። የናቀውን ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ያያል፣ አልፎም ይስቃል። የምትፈራ ሰው ደግሞ ማየቱን ራሱን አትችልም፣ በዚያም ላይ በራሷ ታፍራለች። ሁለቱን ካምታታን የፈራው ሰው አፍሮ ዝም ይላል፣ ዝም ሲል ደግሞ መሸሹን ይቀጥላል፤ ለዚያ ባልደረባዋም የሚጠቅመው ነገር የለም።

ማለዳ፣ የጻፍሽው ፎቢያ ይመስላል። ከሩቅ ሆኜ ምርመራ አልሰጥም፤ መለኪያዎቹን ግን ልንገርሽ። ዲኤስኤም 5 በሚባለው የምርመራ መመሪያ ውስጥ በአንድ የተወሰነ ነገር ላይ የሚነሳ ፎቢያ አለ። ፍርሃቱ ካለው አደጋ ጋር አይመጣጠንም። ነገሩ በታየ ቁጥር ወዲያው ይነሳል። ሰውየው ይሸሻል፣ መሸሽ ካልቻለ በጭንቅ ይችለዋል። 6 ወርና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ሥራን ወይም ኑሮን ይነካል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው 10 ዓመት ሳይሞላ ነው። ኢንተርኔት ላይ አኮንድሮፕላዢያፎቢያ የሚል ስም ታገኚያለሽ፤ አኮንድሮፕላዢያ ቁመትን የሚያሳጥር የአጥንት እድገት ሁኔታ ነው። ራሱን የቻለ የምርመራ ስም አይደለም፣ እኔም አልወደውም፤ የሌላ ሰው አጥንት ስም ያንቺ ፍርሃት ላይ መለጠፉ ደስ አይለኝም። ፎቢያ ማለት ይበቃል።

ከየት መጣ ላልሽው፣ ራክማን የሚባል የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1977 ሰው ፍርሃትን የሚማርባቸውን ሦስት መንገዶች አስቀምጧል። አንዱ በራስ ላይ ከደረሰ ነገር ነው። ሁለተኛው ሌላ ሰው ሲፈራ አይቶ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በወሬና በማስፈራሪያ ነው። ሞግዚትሽ ያደረገችው ሦስተኛውን ነው፤ ያውም በጨለማ፣ ያውም በየማታው፣ እንቅልፍ ሊወስድሽ ሲል። አንድም አጭር ሰው ሳታዪ ነው መፍራት የተማርሽው። በዚህ ላይ አእምሯችን ካየው ሁሉ አማካይ ይሠራል፤ የትልቅ ሰው ፊት ከየትኛው ከፍታ ላይ እንደሚመጣ ሳናስበው እንጠብቃለን። የተጠበቀው ሳይሆን ሲቀር ማንም ሰው ለቅጽበት ይነቃል። ሌላው ሰው ነቅቶ ያልፋል። ያንቺ ግን ንቃቱ የድሮውን አልጋ ይቀሰቅሰዋል፣ ማሰብ ከመጀመርሽም በፊት ሰውነትሽ ይሮጣል። ክፉ ስለሆንሽ አይደለም።

አሁን ግን ከበድ ያለውን ልንገርሽ። ማስፈራሪያው ከቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ፍርሃቱን እስካሁን ያቆየው መሸሽሽ ነው። ስልኩን ጆሮሽ ላይ ለጥፈሽ ደረጃው ጋ ስትደርሺ እፎይ አላልሽም? ያ እፎይታ ነው መርዙ። አእምሮሽ «የተረፍኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ባትሸሺ ምንም እንደማይመጣ የሚያይበት ዕድል ሰጥተሽው አታውቂም።

ስለዚህ ሕክምናው መጋፈጥ ነው፣ ግን ቀስ በቀስ። ዘዴው የቆየ ነው። ሜሪ ከቨር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል ስለሚፈራ ፒተር ስለሚባል ሕፃን ጽፋለች። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉ ከሩቅ ይቀመጥለታል፣ ቀን በቀን ጠጋ ይደረጋል። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሉን በእጁ ዳሰሰው። ስዊድናዊው ላርስ ጎራን ኦስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ለአንዳንድ ፎቢያዎች እስከ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ አንድ ቀጠሮ እንኳ ትልቅ ለውጥ እንደሚያመጣ ጽፏል። ከአእምሮ ችግሮች ሁሉ በሕክምና ጥሩ ውጤት ከሚታይባቸው አንዱ ነው ብል አላጋነንኩም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወረቀት ላይ ከቀላሉ እስከ ከባዱ ትጽፊና ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ነጥብ ትሰጫለሽ። ምናልባት ትንሽ ፎቶ ማየት 30 ይሆናል። ድምፅ የሌለው ቪዲዮ 45፣ ድምፅ ያለው 50፣ ከሩቅ ሰላም ማለት 70፣ ሊፍቱ 95። ከታች ትጀምሪያለሽ። ፎቶውን ከፍተሽ ፍርሃቱ እስኪበርድ ድረስ አትዘጊውም፤ ሲብስብሽ መዝጋት ስልክ እንደመለጠፍ ነው። በማግስቱ ያንኑ ትደግሚያለሽ። ነጥቡ ሲወርድ አንድ ደረጃ ትወጫለሽ። ሰውነትሽ ከአቅም በላይ ከሆነብሽ ወይም ጭንቀቱ ሌላም ቦታ ካለ ብቻሽን አትግፊው፣ ባለሙያ ፈልጊ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ስጽፍ እጄ ስለተያዘ ነው መጨረሻ ላይ ያመጣሁት። ሸረሪት ለሚፈራ ሰው ሸረሪት በጠርሙስ አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ያንቺ ግን ሰው ነው። ባልደረባሽ ሳያውቅ የአንቺ መድኃኒት መሆን የለበትም። በፎቶና በቪዲዮ የምትሠሪውን ብቻሽን ሥሪ። እሱ ጋ ስትደርሺ ግን ልምምድሽን ትተሽ እንደማንኛውም ሰው ሰላም በዪው።

ግማሽ ጎዳና

ቁመቴ 128 ሳንቲሜትር ነው። ጥያቄውን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። ዘግቼው ወጣሁ። ማታ ተመልሼ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፣ ከዚያ ነው ለመጻፍ የወሰንኩት።

ያን እስክሪብቶ አውቀዋለሁ። እኔም አለኝ። አንዳንዱ ሊፍት ላይ የላይኛው ቁልፍ አይደርስልኝም፤ ሁሌ ሰው ከመለመን እስክሪብቶ ይሻላል። የውሸት ስልክም አውቃለሁ። ሰው ሲያየኝ የጫማ ክሩን የሚያስረውንም፣ ዕቃ ረሳሁ ብሎ የሚመለሰውንም አውቃለሁ። እኔን ሲያዩ ስልክ የሚደወልላቸው ሰዎች ይበዛሉ። አልናገርም እንጂ አንዱም አያመልጠኝም። ማለዳ፣ ያ ልጅ ስልክሽን ሲያይ አዲስ ነገር አልነበረም ለሱ። ይህን የምልሽ እንድትሰቃዪ አይደለም፤ «አላወቀም ይሆን» ብለሽ ራስሽን እንዳታታልዪ ነው።

ስለ እኛ ትንሽ ልንገርሽ፣ የማያውቁት ነገር ስለሚያስፈራ። በሕክምናው አንድ ትልቅ ሰው ከ147 ሳንቲሜትር በታች ሲሆን ነው ብዙ ጊዜ ድንክነት የሚለው ስም የሚሰጠው። ምክንያቶቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ዋናው አኮንድሮፕላዢያ ይባላል፣ የእኔም እሱ ነው። ኤፍጂኤፍአር3 የሚባል ጂን አለ፣ የአጥንትን እድገት እንደ ፍሬን የሚይዝ። የእኛ ፍሬን ከሚገባው በላይ ይይዛል። ስለዚህ የእጅና የእግር ረጃጅም አጥንቶች ያጥራሉ፣ ደረትና ጀርባ ግን ከሌላው ሰው እምብዛም አይለይም። ይህ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ከአኮንድሮፕላዢያ ጋር ከሚወለዱት 80 በመቶ ያህሉ ወላጆቻቸው መደበኛ ቁመት ያላቸው ናቸው። የእኔም እናትና አባት እንደዚያው ናቸው፣ እህቴ ከእኔ 40 ሳንቲሜትር ትበልጣለች። ማንም አላጠፋም፣ ማንም አልተረገመም። አእምሯችን ላይ ምንም የለም። ችግራችን የጀርባ አጥንት ነርቭን መጫኑ ነው፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ ነው፣ ልጅ ሳለን ደግሞ የጆሮ ኢንፌክሽን ነው። እኔ አልጋ ሥር ተደብቄ ማንንም ልወስድ አልችልም፤ ብዙ ከቆምኩ ወገቤን ያመኛል።

ስለ ቃሉም ልበል። ድንክ የሚለውን አንዳንዶቻችን ችለነዋል፣ አንዳንዶቻችን እንጠላዋለን። እኔ እጠላዋለሁ፣ ትምህርት ቤት ከኋላዬ የሚጮህ ቃል ስለነበረ። አጭር ቁመት ያለው ሰው በሉኝ፤ ከሁሉም ግን በስሜ ጥሩኝ።

ሕፃናት ደስ ይሉኛል። ቀጥ ብለው መጥተው «ለምን አጠርክ?» ይሉኛል። «አጥንቴ ቀስ ብሎ ስላደገ» እላቸዋለሁ። «እሺ» ብለው ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። በቃ፣ አለቀ። የሚያመኝ እናትየው እጁን መንጭቃ ስታርቀው ነው። ልጁ ወደ እሷ ቀና ብሎ ያያል፣ ከዚያ ወደ እኔ ያያል፣ ፊቱ ሲለወጥ አያለሁ። ባለሙያው ሁለተኛው መንገድ ያሉት እሱ ይመስለኛል። ፍርሃቱ ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ፣ ሁለት ሰኮንድ አይፈጅም።

ለልጁ ምን ልበለው ላልሽው፣ ፎቢያሽን አትናዘዢለት። «አንተን ስለምፈራ ነው» ብትዪው እሱ ቁጭ ብሎ አንቺን ሊያጽናና ነው፤ ይህንንም ብዙ ጊዜ አድርገናል፣ ደክሞናል። ላደረግሽው ነገር ብቻ ይቅርታ ጠይቂ። አጭር ይሁን። ከዚያ እንደ ባልደረባ ሁኚ። ስታወሪው ጭንቅላቱን አትደባብሺ፣ በልጅ ድምፅ አታውሪ፣ ሳይጠይቅሽ ዕቃውን አትቀበዪው። ረጅም ወሬ ካለሽ ቁጭ በዪ፣ አንገታችን ይደክማል። ፊቱን እዪ።

ሐቁን ልናገር

ወንድሜ፣ ያንተን ካነበብኩ በኋላ የእኔን መልሼ አነበብኩት። ስለ አንተ ሆኜ ተቆጥቼ ነበር፣ አንተ ግን ከእኔ ይልቅ ታግሰህ አስረዳሃት። ማለዳ፣ ቃሌ ከብዶሽ ከሆነ ይቅርታ።

ብራና

ታሪክ ስለምወድ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ፍርሃት ከተፈጥሮ አይመስለኝም፤ ቢሆን ኖሮ በየዘመኑ አንድ ዓይነት ይሆን ነበር። በጥንት ግብፅ ቤስ የሚባል አምላክ ነበራቸው፣ አጭር ሰው ተደርጎ ነው የሚቀረጸው። ሥራው ቤትን መጠበቅ ነበር፣ በተለይ የምትወልድ ሴትንና ሕፃናትን። ምስሉን አልጋና የራስ መደገፊያ ላይ ይቀርጹት ነበር፣ ክፉው ነገር በሌሊት እንዳይቀርብ። ማለዳ፣ ያንቺ ሞግዚት አልጋሽ ሥር ያስቀመጠችውን እነሱ ልጆቻቸውን እንዲጠብቅ አልጋው ላይ አስቀምጠውት ነበር።

ደግሞ ሰነብ የሚባል አጭር ቁመት ያለው የግብፅ ባለሥልጣን ነበር፣ ከ4000 ዓመት በላይ በፊት። የሱና የቤተሰቡ ሐውልት ካይሮ ሙዚየም አለ፣ ፎቶውን ፈልጊው። እግሩን አጣጥፎ ከሚስቱ ጎን ተቀምጧል። ሚስቱ እጇን ትከሻውና ክንዱ ላይ አድርጋለች። የሌላ ሰው እግር ወደ ታች ይወርድ በነበረበት ቦታ ላይ ሁለት ልጆቹ ቆመዋል። ቀራጺው ቁመቱን አልደበቀም፣ ሙያውን ግን ተመልከቱ።

አጭር ሰውን የመሳቂያና የማስፈራሪያ ዕቃ ካደረጉት ነገሮች አንዱ በኋላ የመጣው ትርኢት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባርነም የሚባል አሜሪካዊ የትርኢት ነጋዴ አጭር ቁመት ያለውን ቻርልስ ስትራተንን ገና ሕፃን ሳለ «ጄኔራል ቶም ታም» ብሎ ስም አውጥቶለት በገንዘብ ያሳየው ነበር። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች በራሳቸው ስም ተሰባስበው መናገር የጀመሩት ብዙ ቆይቶ ነው። በአሜሪካ ተዋናዩ ቢሊ ባርቲ እ.ኤ.አ. በ1957 ማኅበር አቋቋመ። የተወለደበት ቀን ኦክቶበር 25 ዛሬ የግንዛቤ ቀን ሆኖ ይታሰባል።

ማለዳ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ግማሽ ጎዳና፣ የአንተን አራት ጊዜ። መጀመሪያ ተናድደህ ወጥተህ ተመልሰህ መምጣትህን አልረሳም። ቃሉንም ከእንግዲህ አልጠቀምበትም።

የሰነብን ፎቶ አንደኛ ደረጃዬ አደረግሁት። በመጀመሪያው ቀን 40 ነበር። የሚስቱን እጅ ብቻ እያየሁ ቆየሁ፣ ከዚያ ወደ ፊቱ መጣሁ። በአምስተኛው ቀን 10 ሆነ። ከዚያ ቪዲዮ ጀመርኩ፣ ድምፅ ያለውን። ዘወትር አንባቢ እንዳልከው ድምፅ ሲኖር ይቀላል። ባለሙያው ያሉኝን አንድ ነገር ብቻ ጥሻለሁ፣ ሁለተኛው ቀን ላይ መሃል ላይ ዘጋሁት፤ በማግስቱ እውነትም ብሶብኝ ነበር። አማካሪም ይዣለሁ፣ የመጀመሪያ ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው።

ትናንት ጠዋት ልጁን ሊፍቱ ጋ አገኘሁት። ሳላቅደው ነው፤ ዝርዝሬ ላይ ገና ሩቅ ነበር። ሰላም አልኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። «ያን ቀን ስልክ አልተደወለልኝም ነበር። ይቅርታ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ትገቢያለሽ?» አለኝ።

ገባሁ። እስክሪብቶውን ከኪሱ ሲያወጣ እኔ ቁልፉ አጠገብ ነበርኩ፤ ልጫንለት አልኩና ሳይጠይቅሽ አትቀበዪው ያልከኝ ትዝ አለኝ። እጄን መለስኩ። እሱ ስድስትን ተጫነ። ልቤ እስከ አራተኛ ፎቅ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። አምስተኛ ላይ ፕሪንተሩ ዛሬም እንደተበላሸ ነገረኝ።